ለማቋረጫው ቁልቁለት የተመረጠ ጎማ

ሺቡካዋ ቶሚዞ፣ በአክብሮት ሺቡካዋ ሳን የምንላቸው፣ በጃፓን ያማጋታ ገጠር የቼሪ ገበሬ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ማሳውን የያዙት ብቻቸውን ነው። ቦታው ኮረብታ ላይ ነው፤ አውቶቡሱም ተሳፋሪ አጥቶ ከቀረ ቆይቷል። ያለ መኪና አይደረስበትም። በጉልምስናቸው ዘመን በብርዱ ወራት የበረዶ መጥረጊያ መኪና ይነዱ ስለነበር፣ ስለ መንገድ ማንም እንዲመክራቸው አይወዱም።

በእኛ አገር አንድ ልማድ አለ። የበረዶ ጎማ ጥርሱ ሲሳሳ ለሚቀጥለው በረዶ አይሆንም፤ ግን ገና ይሽከረከራል። ታዲያ ለምን ይጣል ይባልና በሙቀቱ ወራት እስኪመለጥ ይነዳበታል። ጎሚስታ ነኝና በየዓመቱ እናገራለሁ፦ ላስቲኩ ለስላሳ ነው፣ ሙቅ አስፋልት ላይ ይልመጠመጣል፣ ያለቀ ጥርስ ደግሞ የዝናብ ውሃ አያስወጣም። ለመሸጥ ብዬ ይመስላቸዋል።

ሰኔ ላይ፣ ቼሪው በቀላበት ሳምንት፣ ሺቡካዋ ሳን እንዲህ ባለ ያለቀ የበረዶ ጎማ በዝናብ ከኮረብታው ሲወርዱ፣ ከግርጌው ያለው የባቡር ማቋረጫ ደወል ጮኸ። ፍሬን ያዙ። መኪናዋ ተንሸራትታ የማቆሚያውን መስመር አለፈች፣ የማገጃው ዘንግ ወርዶ ጣሪያዋን መታ። እንደ ምንም የኋላ ማርሽ አስገብተው ወጡ፤ ባቡሩም አለፈ። የተጎዳ ሰው አልነበረም። ወሬው ግን ሴንዳይ ከተማ ደረሰና እዚያ የምትሠራው ልጃቸው ናትሱኤ በማግስቱ ከተፍ አለች።

ሁለቱም ተኳርፈው እኔ ዘንድ መጡ። እሷ መንጃ ፈቃዱን ለፖሊስ ይመልስ ባይ ናት፤ ስንቱ ሽማግሌ በፈቃዱ መልሷል እያለች ትቆጥራለች። እሳቸው ጥፋቱ የጎማው ነው አሉ። መንገድ ላይ ስምምነት አድርገው ኖሯል፦ ጎማው ይቀየር፣ በዚያው ቁልቁለት በዝናብ ይወረድ፤ መኪናዋ መስመሩን ካለፈች መንጃ ፈቃዱ ይመለሳል። እኔም ምስክር ሆኜ ከኋላ እንድቀመጥ ተፈረደብኝ።

ውዱን አልፈለጉም፤ ርካሹንም እኔ አልሰጥም። በመካከለኛው ዋጋ ሁለት ዓይነት ነበረኝ፣ ሃያጋኬና ኮቶባሺ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ሃያጋኬ ላስቲኩ ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ አያልቅም፤ እርጥብ መንገድ ላይ ግን ደህና ከማለት አያልፍም። ኮቶባሺ ውሃ ላይ ቆንጥጦ ይይዛል፣ ዕድሜው ግን አጭር ነው።

ሺቡካዋ ሳን እጃቸውን ሃያጋኬው ላይ አሳረፉ። ረጅም ዕድሜ ያለውን መግዛት ለልጃቸው ገና ብዙ እነዳለሁ ብሎ መልስ መስጠት ነበር።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ካንተ በላይ ይኖራል» አለች ናትሱኤ።

«ይኑራ። ቀብሬ ድረስ አንቺን ያመላልስሻል።»

እኔ አልሳቅሁም። የእርስዎ መንገድ ቁልቁለት ነው፣ መጨረሻው ሐዲድ ነው፣ ወሩ ሰኔ ነው አልኳቸው። ለሜዳና ለደረቅ አስፋልት ቢሆን ሃያጋኬን ራሴ እመርጥልዎት ነበር። ሺቡካዋ ሳን ሁለቱንም በጥፍራቸው ጫን ጫን አደረጉ። ከዚያ ኮቶባሺውን በእግራቸው ወደ እኔ ገፉት።

አራቱንም አሰርኩ፣ ባላንስ ሠራሁ፣ ንፋሱን ለክቼ ዳዶዎቹን አጠበቅሁ። አዲስ ጎማ ላዩ እስኪላግ ያንሸራትታልና መጀመሪያ በሜዳው መንገድ እንዲነዱት አደረግሁ። ዝናቡ አላባራም። ከዚያ ወደ ኮረብታው ወጣንና ዞረን መውረድ ጀመርን።

እኔ ከኋላ በቼሪ ሣጥኖች መካከል ነኝ። ናትሱኤ የበሩን እጀታ ጨብጣለች። የመስታወት መጥረጊያው ይመላለሳል። ደወሉ ዝም ብሏል፣ ግን ደወል ኖረም አልኖረም ማቋረጫ ላይ ቆሞ፣ መስኮት ከፍቶ ማዳመጥ ሕግ ነው። ሺቡካዋ ሳን ፍሬን ያዙ። ጎማዎቹ ነከሱ። መኪናዋ ቀጥ ብላ፣ ጭራዋን ሳትወዘውዝ ቆመች።

ናትሱኤ የበሩን እጀታ ለቀቀች።

ሺቡካዋ ሳን መስኮቱን ዝቅ አድርገው አዳመጡ። ከዚያ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ በቀስታ፣ «መስመሩ ጋ ነን፣ አይደል?» አሉኝ።

መስመሩ ከፊታችን የአንድ መኪና ቁመት ያህል ርቆ፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ነጭ ሆኖ ተጋድሟል። ጎማው አላለፈውም፤ በስምምነቱ መሠረት አሸንፈዋል። አዎ ብል ያልቅ ነበር።

«ገና ነው። አንድ መኪና ያህል ይቀራል» አልኩ።

በዚህ መሐል ደወሉ ጮኸ፣ ዘንጉ ወረደ፣ ባቡሩ ውሃ እየረጨ አለፈ። ዘንጉ ተነሣ። ሺቡካዋ ሳን አልተንቀሳቀሱም፤ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ።

«ዝናብ ሲሆን መስመሩ አይታየኝም። ከሚያዝያ ጀምሮ ነው» አሉ። «ያን ቀንም ፍሬኑን በግምት ነው የያዝኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ቼሪው ሳይለቀም መኪናዋን ትነጥቂኛለሽ ብዬ ነዋ።»

ናትሱኤ መንጠቋ በእርግጥም አይቀርም ነበር። እሳቸው ወረዱና በዝናቡ መኪናዋን ዞረው የእሷን በር ከፈቱ። ወደ መሪው ጠጋ በይ አሏት። ከተቀመጡ በኋላ መንጃ ፈቃዳቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ቦርሳዋ ውስጥ ከተቱ።

«ለፖሊስ አይደለም የሰጠሁት። የዓይን ሐኪሙ እስኪፈርድ አንቺ ያዢው።»

ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው አለ፤ ቀዶ ጥገናውን ከለቀማው በኋላ ቀጠረላቸው። ናትሱኤ ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ጠይቃ ቼሪው እስኪያልቅ ኮረብታውን ስትወጣና ስትወርድ ሰነበተች። አባቷ ከጎኗ ተቀምጠው፣ ማርሽ ቀይሪ፣ አሁን ያዢ፣ ልቀቂ እያሉ ቁም ስቅሏን ያሳዩዋት ነበር።