ድምፅሽ ወረደ

አያቴ የዜማ መምህር ነበሩ እንጂ ባዮሎጂ አያውቁም። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሳጠና ግን ጣና ዳር ዋርካው ሥር ወንበራቸውን ያስቀምጡና ደብተሬን ከድነው «በይ በቃልሽ አሰሚኝ» ይሉኛል። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ።

«እዚህ ላይ ድምፅሽ ወረደ። አላወቅሽውም፤ ተመለሽ።»

ተሳስተው አያውቁም። አንድ ቀን ስለ ደም ዝውውር የረሳሁትን ድምፄን ከፍ አድርጌ ላልፈው ሞከርሁ።

«አሁን ደግሞ ጮኽሽ» ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ካረፉ ወዲህ የመጀመሪያዬ የዩኒቨርሲቲ ፈተና ደረሰ። ትናንት ዋርካው ሥር ባዶ ወንበራቸውን ፊት ለፊቴ አድርጌ ደብተሬን ከደንሁ። ስለ ኩላሊት እያሰማሁ ሳለ ድምፄ ወረደ። ወንበሩን አየሁት፤ ሳቄ መጣ።

«እሺ አባባ፣ አላወቅሁትም» አልሁና ተመለስሁ።