የሌላዋ ሊዲያ እናት

በዚያ ምሽት ሰበታ ግቢያችን ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። እኔ፣ የሰባት ዓመት ልጄ ሊዲያ፣ አማቴ እማማ ዘነበች፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራው ተከራያችን ምሕረት፣ እና የውጭውን በር ሊጠግኑልን የመጡት ጎረቤታችን ኦቦ ገመዳ። ባለቤቴ ሥራ ላይ ነበር። ሁሉንም የምዘረዝረው፣ ብቻዬን ባወራው ሰው የፍርሃቴ ነገር ነው እንደሚል ስለማውቅ ነው። ፈሪ መሆኔን አልክድም።

ነገሩ የሆነው ያለፈው ክረምት እንደወጣ ነው። ልጄን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እየተመላለሰ ያሠቃያት ነበር። ታክማ ይሻላታል፤ ወር ሳይሞላ ትኩሳቱና ማቃጠሉ ይመለሳል። የትምህርት ቤታቸው መጸዳጃ ውኃ ስለሌለው ሽንቷን ይዛ ነበር የምትውለው። በመጨረሻ ሐኪሙ ኩላሊቷ እንዳይጎዳ ብሎ፣ በየማታው ከመኝታ በፊት የምትወስደው መጠኑ አነስ ያለ ፀረ ባክቴሪያ ክኒን አዘዘላት።

"ይሄ ለማዳን አይደለም፣ እንዳይመለስ ነው። ደህና ሆናለች ብለሽ እንዳታቋርጪባት" አለኝ። ለስድስት ወር ነበር። አንድም ማታ አላሳለፍኩም።

ክኒኑን በየወሩ ከጤና ጣቢያ አመጣለሁ። እዚያ ክኒን ቆጥረው በትንሽ የወረቀት ፖስታ ይሰጣሉ። ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ ላዩ ላይ ለጠዋት ፀሐይ፣ ለማታ ጨረቃ ይስሉበታል። እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ስለተማርኩ አነባለሁ፤ ግን ቀስ ብዬ ነው፣ ሰው ቆሞ ሲያየኝ ደግሞ ይብስብኛል። የእኛ ፖስታ ላይ ሁልጊዜ የሚሳለው ጨረቃ ብቻ ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት "የሊዲያ እናት" ተብሎ ሲጠራ እጄን ዘረጋሁ። ፖስታው ላይ ሊዲያ ይላል። ፀሐይም ጨረቃም ተስሎበታል። ግራ ገብቶኝ ቆም አልኩ። ከኋላዬ አንዱ "እናት፣ እዚሁ ልታድሪ ነው እንዴ?" ብሎ ሰው አሳቀብኝ። አፈርኩ። መጠኑ ተጨምሮ ይሆናል ብዬ ወጣሁ።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ልጄን እራት አብልቼ፣ ሽንት አሸንቼ፣ ክኒኑን መዳፌ ላይ አደረግኩ። ውኃ እየቀዳሁ ሳለ ከውጭ ተጠራሁ። ኦቦ ገመዳ በሩን ነቅለውት ስለነበር መግቢያው ክፍት ነው። አንዲት የማላውቃት ሴት እዚያ ቆማለች።

"የሊዲያ እናት፣ ሰጠሻት?" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ክኒኑን።"

"ገና ነኝ።"

ሴትየዋ ደረቷን ይዛ በረጅሙ ተነፈሰች። ከጉያዋ ፖስታ አወጣች። ሊዲያ ይላል፤ ያለው ጨረቃ ብቻ ነው።

እንደነገረችኝ የእሷም ልጅ ሊዲያ ትባላለች። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው የምትወስደው። ቡራዩ ስላጡት ነው ሰበታ ድረስ የመጡት፤ መድኃኒቱ ካለቀባት ሁለት ቀን ሆኗታል። ጠዋት ፖስታዎቹ ተለዋውጠዋል። ልጅቷ ከጤና ጣቢያው ግቢ ሳትወጣ ወደቀች። አስተኝተዋት፣ አመሻሹ ላይ ነርሷ ክኒኑን ስታየው ነው የታወቀው።

"ያንቺ ልጅ የእኔን ልጅ ብትውጥ ብዬ ጥያት ሮጥኩ" አለች። የልጄን መድኃኒት ማለቷ ነበር፤ ከድንጋጤዋ ቃሉን ዘለለችው።

መዳፌ ላይ የነበረውን ክኒን መልሼ ፖስታውን ቀየርኳት። ግቢ፣ ውኃ ቅመሺ ብላት ከመግቢያው አላለፈችም። ያኔ ነው ልብ ያልኩት። ሰፈራችን አዲስ ነው፤ የቤት ቁጥር የለንም። የልጄ ካርድ ላይ ያለው አድራሻ ሰበታ የሚል ብቻ ነው።

"ቤቱን ማን አሳየሽ?" አልኳት።

"ልጄ ናት እየመራች ያመጣችኝ።"

የምትለው አሁን አስተኝተዋታል ያለችኝን ልጅ ነው። ከኋላዋ አየሁ፤ ማንም የለም። እሷም ወደ መንገዱ ዞር ብላ "ቀድማኛለች" አለችና ፈጥና ሄደች።

ምሕረትና ኦቦ ገመዳ ያዩት ሴትየዋን ብቻ ነው። አጥሩ ሥር ተቀምጠው የነበሩት እማማ ዘነበች ግን፣ አንዲት ቀጭን ልጅ ከፊት ከፊቷ ስትሄድ እንደነበርና መግቢያችን ጋ ስትደርስ እንደቆመች ተናገሩ።

ኦቦ ገመዳ ሳቅ አሉ። "እማማ፣ መነጽርዎ የታል?"

"መነጽሬ ለዳዊት ነው፣ ለሰው አያስፈልገኝም። እጇ ላይ ነጭ ፕላስተር እንኳ ተለጥፎባት ነበር።"

በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። መድኃኒት የምትሰጠው ሠራተኛ አንገቷን ደፍታ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ነርሷ እንደነገረችኝ ያቺ ሊዲያ ከወደቀችበት ሰዓት ጀምሮ ራሷን አታውቅም ነበር። እጇ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶ፣ በነጭ ፕላስተር ታስሮ ነበር። ከአልጋው ለአፍታም አልወረደችም። ሲመሽ በአምቡላንስ ወደ አዲስ አበባ ላኳት፤ እናቷ መኪናው ሲነሳ ነው ሮጣ የደረሰችው።

የትኛው እጇ እንደነበር ነርሷን ጠይቄአለሁ። እማማን ግን እስካሁን ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

የእኔ ሊዲያ ስድስት ወሯን ጨርሳለች፤ ሕመሙም አልተመለሰባትም። አሁን መድኃኒት ስቀበል የአባቷን ስም ጨምሬ ሳላስነብብ አልወጣም፤ የሳቀ ይሳቅ። አንዳንድ ማታ ግን ውኃ ስቀዳላት ዓይኔ ወደ በሩ ይሄዳል።

በዚያች ልጅ ካርድ ላይ የነበረው የእናትየው ስልክ አይሠራም። ቡራዩ ውስጥ ስምንት ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ሊዲያ የምትባል ልጅ የምታውቁ ካላችሁ፣ ነቅታ እንደሆነ ንገሩኝ።