ደብሪቱ እና ዘጠኙ የወቀሳ ቃላት

ደብሪቱ ደብዳቤውን እስከ ፊርማው አንብባ ወደ መጀመሪያው መስመር ተመለሰች። አስመላሽ ከባንኮኒው ማዶ ቆሞ ፊቷን ያያል።

«ስንተኛ ናት?» አላት።

ጥያቄው ለደንበኞቿ ሁሉ ግልጽ ነው። ከፎቶኮፒ ማሽኑ በላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ዘጠኝ የእንግሊዝኛ የወቀሳ ቃላት ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል። አንደኛው ሪማርክ ነው፤ አለቃ ሲያልፍ ጣል የሚያደርገው ነገር። ኮሜንት ሁለተኛ፤ አስተያየት። ፊድባክ ሦስተኛ፤ ወንበር ስበው የሚሰጡት አስተያየት። ሪፕሪማንድ ስምንተኛ፤ ፋይል ውስጥ የሚገባ ተግሣጽ። ዘጠነኛው ፋይናል ዋርኒንግ ነው፤ ትርጉም አልተጻፈለትም።

ደብሪቱ ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። በአንድ የግል ኩባንያ መዝገብ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታ ወጣችና ካዛንቺስ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት ከፈተች። ሰፈሩ ሲፈርስ ማሽኖቿን በፒክአፕ ጭና ለገሃር አካባቢ የአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ገባች። የእንግሊዝኛ ደብዳቤ የደረሳቸው ሰዎች ተከትለዋት መጡ። መልስ ትጽፍላቸዋለች። ከወር በኋላ ደውላ ምን እንደደረሰባቸው ትጠይቃለች፤ እንደ ነገሯት ቃሉን ከፍ ወይም ዝቅ ታደርገዋለች። ኮንሰርን፣ መዝገበ ቃላቱ «ስጋት» የሚለው፣ መጀመሪያ አራተኛ ነበር። የደረሳቸው ሦስት ሰዎች ሥራ ሲያጡ ሰባተኛ ሆነ። አንድ አስተማሪ ተሳስተሻል ቢላት፣ መዝገበ ቃላቱ ከሥራ ተባሮ እንደማያውቅ ነገረችው።

አስመላሽ የአንድ የእርዳታ ድርጅት የግምጃ ቤት ኃላፊ ነው፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ። ውሉ በሰኔ ያልቃል፤ ይታደስ አይታደስ የምትወስነው ወጣቷ አለቃው ሀኒ ናት። ደብዳቤውን የጻፈችውም እሷ ናት። በዕቃ ካርዶቹ ላይ ቀን መጻፍ እንደሚረሳ ጠቅሳ፣ በራሱ ሥራ ላይ ያለውን ኮሜንት በአጭሩ እንዲጽፍ ጠይቃዋለች።

«ሁለተኛ ናት፤ አይፍሩ» አለችው ደብሪቱ። «አመሰግናለሁ፣ አስተካክላለሁ፣ በቃ። ይፈርሙና ይሂዱ።»

አስመላሽ አላመነም። ከዚህ በፊት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሲገመገም የኖረ ሰው ነው። ከዚያ ይዞት የወጣው አንድ ትምህርት ነው፤ ራሱን ቀድሞ በገረፈ ሰው ላይ ሌላው ጅራፍ አያነሳም። ግለ ሂሱን ያሳጠረ ሁሉ ሲወድቅ በዓይኑ አይቷል። ከኪሱ አራት ገጽ የእጅ ጽሑፍ አወጣ።

አሥራ አንድ ጥፋት ነበር። ስብሰባ ላይ አንቀላፍቷል። አለቃውን ልጅ ናት ብሎ ንቋል። ደብሪቱ ስድስተኛው ላይ ስትደርስ መነጽሯን አወለቀች። ሁለት የድርጅቱን ጎማ ለአማቹ ታክሲ አውሷል።

«ጋሼ፣ ጎማውን ማን ጠየቀዎት?»

«ማንም።»

«ታዲያ?»

«ሳይጠይቁሽ ነው የሚባለው። አንቺ መድረክ ላይ ቆመሽ አታውቂም።»

ጎማውን እንኳ ይተው ብላ ለመነችው። እንደ በግ ገበያ ተከራከሩ። እንቅልፉን ለመተው ተስማማ፤ ከጎማው ግን ንቅንቅ አላለም። ቆይቶም እንቅልፉን መለሰውና አሥራ ሁለተኛ ጥፋት ጨመረ፤ ጸሐፊዋ ጥፋት እንዲደብቅ ስትመክረው ለጊዜው መስማማቱን። ደብሪቱ በራሷ ላይ የቀረበውን ክስ ወደ እንግሊዝኛ መልሳ፣ አንድ ፊደል ሳትስት ተየበችው።

ሀኒ ያንኑ ደብዳቤ፣ የየሰዉን ጉድለት ብቻ እየቀየረች፣ ለሠላሳ ስምንት ሠራተኞች ነበር የላከችው። ሠላሳ ሰባቱ በአንድ መስመር መለሱ። ማክሰኞ ጠዋት አስመላሽን አስጠራችው። የተተየቡት አራት ገጾች ጠረጴዛዋ ላይ ነበሩ። ስለ ንቀቱም ስለ እንቅልፉም አላነሳችም።

«አቶ አስመላሽ፣ ጎማዎቹ አሁን የት ናቸው?»

«ሥራ ላይ ናቸው» አላት። «ከሜክሲኮ ሳሪስ።»

ሀኒ ሳቋን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከዚያ ጎማዎቹ እስከ ዓርብ እንዲመለሱ አዘዘች።

ጎማዎቹ ሐሙስ ተመለሱ፤ አንዱ ተልጦ ነበር። የአስመላሽ ውል በሰኔ ለአንድ ዓመት ታደሰ። የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ግን አስረክቦ፣ አሁን በር ላይ እንግዳ ይመዘግባል።