ሁሉም ግሉኮስ አይደለም

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ ባሌን መስደቤን ነግሬያቸዋለሁ። በደርግ ጊዜ ደግሞ በየስብሰባው እየተነሳሁ "ጓዶች፣ ዘግይቼ በመምጣቴ ራሴን እሂሳለሁ" ብዬ አስጨብጭቤያለሁ። ይህችን ግን ዋጥኳት።

ሀና ማርያም አካባቢ በነበረች ትንሽ ክሊኒክ ነርስ ነበርኩ። ሰው በክንዱ የሚገባለትን ፈሳሽ ሁሉ ያኔም ዛሬም "ግሉኮስ" ነው የሚለው። የጨው ውሃውም ግሉኮስ፣ የስኳሩም ግሉኮስ። እንዴት እንደሚያናድደኝ። አስታማሚውንም ዘበኛውንም "ሁሉም ግሉኮስ አይደለም" እያልኩ አሰለቸሁ። ኃላፊያችን አቶ ታደለ እንኳ እንደ ሰፈሩ ሰው ነበር የሚጠራው፤ እሱንም አርም ነበር። አራሚዋ እንግዲህ እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቅቤ ነጋዴዋን ወይዘሮ ዘይነባን ልጃቸው ሰሚራ ደግፋ አመጣቻቸው። ሲያስመልሳቸው አድሮ ሰውነታቸው ደርቋል። የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ሰፈሩም እኔም እናውቃለን። አቶ ታደለ ከክፍሉ ሆኖ "ሲስተር፣ ግሉኮስ ስቀዪላቸው" አለ። የጨው ውሃውን ማለቱ እንደሆነ አላውቅም ነበር? አሳምሬ አውቃለሁ። ግን የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ደርሷል፣ የዘገየች ትወቀሳለች፣ ልቤ እዚያ ነው። እጄ ቃሉን ብቻ ሰምቶ የስኳሩን ጠርሙስ አነሳ።

ሌላውን ሁሉ በሥርዓቱ አደረግሁ፤ ይበልጥ የሚያበግነኝ እሱ ነው። እጄን ታጠብኩ፣ ቱቦውን ሞልቼ አየሩን አስወጣሁ፣ ክንዳቸውን በአልኮል ጠረግሁ፣ ደም ሥሩን በአንድ ጊዜ አገኘሁት፣ ጠብታውን ሰዓት እያየሁ አስተካከልኩ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ግን አላነበብኩም። ስታነሺ አንብቢ፣ ስትሰቅዪ አንብቢ ተብዬ የተማርኩ ሰው አላነበብኩም። ከዚያ ሄጄ ስለ ሴቶች ንቃት ሲወራ አጨበጨብኩ።

ስመለስ ጠርሙሱ ሊያልቅ ምንም አልቀረው፤ ወይዘሮ ዘይነባ ቢጠሯቸው አይሰሙም። ቀና ብዬ ያን ጊዜ አነበብኩ። ጮኼ አቶ ታደለን ጠራሁ? አልጠራሁም። ጠርሙሱን አውርጄ በጨው ውሃ ቀየርኩ፣ የወረደውን ከቆሻሻው ሥር ቀበርኩ፣ ከዚያ ነው የጠራሁት። እሱ ደንግጦ ሲገባ ወደ ሰሚራ ዞርኩ።

"ምን ሰጠሻቸው?"

"ምንም። ከንፈሯ ሲደርቅብኝ ሻይ በማንኪያ አቀመስኳት።"

"ስኳር ነበረበት?"

"ትንሽዬ።"

ራሴን ነቀነቅሁ፤ ያ ብቻ በቃ። ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ በሚገኝበት ዘመን ለእናቷ ብላ የቆጠበቻትን ስኳር ወንጀል አደረግሁባት። ሆስፒታል ሲወስዷቸውም ስለ ጠርሙሱ ትንፍሽ አላልኩም። ብናገር ሐኪሞቹ የገባላቸውን ያውቁ ነበር፣ ምናልባት ይተርፉ ነበር። በማግስቱ አረፉ። ለቅሶ ቤት ሄጄ "አታውቂም ነበር፣ ራስሽን አትጉጂ" ብዬ ሰሚራን ያጽናናኋትም እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ቤቷ ስኳር አይገባም። የራሽን ድርሻዋን ለእኔ ታመጣ ነበር፤ "እኛ ቤት ማንም አይነካውም ሲስተር፣ ለልጆችዎ ይሁን" እያለች። ተቀበልኳት። ልጆቼን በዚያ ስኳር አሳደግሁ።

ቃሉ አሳሳተኝ አልልም፤ ቃሉን ሳርም የኖርኩ እኔ ነኝ። ስብሰባው አስቸኮለኝም አልልም፤ ስብሰባው ካበቃ ስንት ዘመኑ። ዝም ያሰኘኝ ማን ነው? ከእኔ በቀር ማንም የለም። ይቅርታ የማድረግ መብት ያላት ሰሚራ ብቻ ናት፣ እሷ ደግሞ ይቅር የምትለው ነገር እንዳለ አታውቅም።

አሁን አያት ሆናለች። ዘንድሮ ለኢድ ጠራችኝና ዛሬስ እነግራታለሁ ብዬ ሄድኩ። ሻይ አቀረበች፣ ስኳሩን ለእኔ ብላ ከጎረቤት ተበድራ። የልጅ ልጇ ጣቷን ስኳሩ ውስጥ ልትነክር ስትል እጇን ቸብ አደረገቻትና "እናቴን የገደልኩበት ነው" አለችኝ፣ በለመደችው ድምፅ።

አፌን ከፈትኩ።

"ስኳሩ አነሰብዎ መሰለኝ ሲስተር" ብላ አንድ ማንኪያ ጨመረችልኝ። አማስዬ ጠጣሁት።