በእማማ ማርታ ማንጎ ላይ የቆመው አንቴና

ባለፈው ሳምንት ሚስማር ልገዛ ሲቀላ ገበያ ወጥቼ፣ ከቁርጥራጭ ብረት ነጋዴው ክምር መሐል፣ ከተቀደደ ጀሪካንና ከተጣመመ የብስክሌት ቸርኬ ሥር፣ ክንፎቹ ግማሹ የረገፉ የቴሌቪዥን አንቴና አየሁ። ጎንበስ ብዬ ስነካው ጣቴ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ቀረ፤ ዝናብ የጠገበ ብረት ሽታው ደግሞ ሳላስበው ኩልፎ ወንዝ ዳር፣ ዛፍ ውጦት ወደነበረው የልጅነት ቤቴ ይዞኝ ሄደ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከጨንቻ የወረደ የሒሳብ መምህር ሲሆን፣ ለተማሪ በይሉኝታ ግማሽ ነጥብ እንኳ የማይጨምር፣ ወንበር ላይ ቆሞ አምፖል ሲቀይር እንኳ ራሱን የሚያዞረው ሰው ነበር። አንድ ክረምት ለፈተና እርማት አዲስ አበባ ከርሞ ሲመለስ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ ይዞት የመጣውን ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን በሰፈራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈተ፤ ግን ከመስተዋቱ ውስጥ እንደሚረግፍ ጤፍ ከሚንጠባጠብ ነጭ ነገር በቀር ምንም አልታየም። አብሮ የመጣው ባለ ሁለት ቀንድ የቤት ውስጥ አንቴና ዳገቱ ላይ ላሉት የሴቻ ቤቶች ይበቃ ይሆናል እንጂ፣ ፊት ለፊቱ ሙዝና ፓፓያ፣ ኋላው ሾላና ጫካ ለሆነው ለእኛ ቤት አልሆነም።

ሲቀላ ሬዲዮ የሚጠግኑት ሽማግሌ፣ አባቴ ስለ አንቴና ዋጋ ሊጠይቃቸው ሲል፣ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ዛፎቹ ነበር። «ሜዳ ላይ አጭሩ ይበቃል፤ ዛፍ ባለበት ግን ረጅሙን፣ ክንፈ ብዙውን ነው የምትወስደው፤ እሱም ቢሆን ከቅጠል በላይ ካልወጣ እርጥብ ቅጠል ምስሉን ይበላዋል» ብለው መከሩት። አባቴ ረጅሙን መርጦ፣ የዓሣ አጥንት የመሰለውን ነገር ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ የመንደሩን ሕፃናት አስከትሎ ገባ። ከዚያ በፕሮትራክተርና በክር ሁለት ቀን ሙሉ ሲለካ ቆይቶ፣ ማሰራጫው ወዳለበት ተራራ የሚሄደው መስመር በትክክል የእማማ ማርታን የማንጎ ዛፍ አናት እንደሚያቋርጥ ደረሰበት። ያን ጊዜ እርሳሱን አስቀምጦ ወረቀቱን አጠፈው።

እማማ ማርታ ባል የሞተባቸው ጎረቤታችን ናቸው። ቤተ ክርስቲያናችን ስለተዘጋ፣ እሑድ እሑድ እኛ ቤት ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ስንጸልይ ከበሩ አጠገብ የሚቀመጡት እሳቸው ነበሩ። ማንጎውን ባላቸው የተከሉት አንድ ልጃቸው ዳዊት በተወለደ ዓመት ነው። ዳዊት ኩልፎ ሲሞላ እኔን ትከሻው ላይ አድርጎ የሚያሻግረኝ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ልጅ ነበር፤ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከሄደ ሁለት ዓመቱ፣ ደብዳቤው ከቆመ ደግሞ አንድ ዓመቱ ሆኗል። ስለዚህ አባቴ ስለ ዛፉ ሊጠይቃቸው አልደፈረም።

እሳቸው ግን ሰምተዋል፤ ቴሌቪዥን ግንባር ያሉ ወታደሮችን እንደሚያሳይም ሰምተዋል። በማግስቱ ጠዋት መጥረቢያ ይዘው መጡና አባቴ እግር ሥር አስቀመጡት።

«መምህር፣ ልጄን የሚጋርድብኝ ከሆነ ይቆረጥ።»

መጥረቢያውን ያነሳችው እናቴ ነበረች፤ ወስዳ ከጓዳ በር ኋላ ደበቀችውና፣ «ማንም አይቆርጠውም፤ እኔ እወጣበታለሁ» አለች።

እናቴ ኩልፎ ዳር ፍራፍሬ ስትለቅም ያደገች ናት፤ ከጋብቻ በኋላ ግን ዛፍ ላይ ስትወጣ ያያት የለም። ወንዶቹን ሁሉ ከእማማ ማርታ ግቢ አስወጣች፤ ከቀሚሷ ሥር የአባቴን ሱሪ ለበሰች፤ ከጨንቻ የመጣ ረጅም ቀርከሃ ጫፉ ላይ አንቴናው ታስሮ፣ የሰፈሩ ሴቶች በገመድ እየጎተቱላት ቅጠሉ ውስጥ ገባች። አንድ ጊዜ ቅርንጫፍ ሲሰበር ሰማን፤ የአባቴ ፊት አመድ መሰለ። ቆይቶ ከላይ በጣም የተረጋጋ ድምፅ ገመዱን እንዲያላሉላት ጠየቀ። ቀርከሃውን በጎማ ላስቲክ ቅርንጫፉ ላይ ጠፍራ ማዞር ስትጀምር፣ አባቴ ከመስተዋቱ ፊት ያየውን ለእኔ፣ እኔ በመስኮት ለእማማ ማርታ፣ እሳቸውም ወደ ላይ ለእናቴ ያስተላልፉ ነበር። መጀመሪያ ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ ክራባት፤ ከክራባቱ በላይ ቀስ እያለ የሰው ፊት።

ከዚያ ወዲህ ምሽት ምሽት ቤታችን እግር መዘርጊያ አልነበረውም። ነፋስ ሲነሳ ዜና አንባቢው እንደ ሰካራም ይወዛወዛል፤ ጦጣ ማንጎ ፍለጋ ከወጣ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋና ሕፃናቱ ድንጋይ ይዘው ይሮጣሉ። እማማ ማርታ ስለ እርሻው፣ ስለ ስብሰባው የሚባለውን አይሰሙም፤ ወታደሮች ሲታዩ ብቻ ወደፊት ጠጋ ብለው ፊቶቹን አንድ በአንድ፣ ከጥጥ ፍሬ እንደሚለይ ሰው ይለቅሙ ነበር።

አንድ ምሽት ብድግ ብለው መዳፋቸውን መስተዋቱ ላይ አሳረፉ። ምሽግ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ቀጭን ወታደር ውኃ ጠጥቶ ወደ እኛ ዞር አለ፤ ምስሉም ተቀየረ። እኔ ዳዊትን አውቀዋለሁ፤ እሱ አልነበረም። ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ አባቴ ዞረ፤ እሳቸውም ዞሩ።

«እሱ ነው፣ እማማ» አለ አባቴ። «ትንሽ ከስቷል እንጂ እሱ ነው።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ ጠግበው እንደተኙ በማግስቱ ለመንደሩ ሁሉ ተናገሩ። ጦርነቱ አልቆ የተበተነው ሠራዊት ሲመለስ ሲቀላ መናኸሪያ እየወረዱ ብዙ ወራት ጠበቁ፤ ዳዊት አልመጣም። እሳቸው ግን እስኪሞቱ ድረስ ልጄን በዓይኔ አይቼዋለሁ እንዳሉ ኖሩ። አባቴን በስተርጅናው ለምን እንደዋሸ ጠይቄው ነበር። «ያን ቀን እኔም እሱን ነው ያየሁት» አለኝ፤ ማመኑን ወይም አለማመኑን ከፊቱ ማንበብ አልቻልኩም።

አሁን ሁሉም አልፈዋል። የዳዊት ፎቶግራፍ በማንም እጅ የለም፤ በዚያ ሰፈር እሱን የሚያስታውስ የቀረሁት ምናልባት እኔ ብቻ ነኝ። ወንዙን ያሻገረኝን ትከሻውን፣ ሳቁን ጭምር አስታውሳለሁ። ፊቱን ላስታውስ ስሞክር ግን ከብዙ ዓመት ወዲህ የሚመጣልኝ፣ ምሽግ ጫፍ ላይ ውኃ ጠጥቶ ወደ እኛ ዞር ያለው፣ ስሙን የማላውቀው ያ ቀጭን ወታደር ነው።