ጎሊናን የተሻገርኩበት ገጽ

የባለቤቴ የጌታቸው አርባ ካለፈ በኋላ መጻሕፍቱን ከሣጥን ሳወጣ ሁለት ደብተሮች እጄ ገቡ። አንዱ ስስ ነው፤ ስድስት ገጽ ብቻ ተጽፎበታል። ሌላው ወፍራም ነው፤ ጠርዙን ብል በልቶታል። ሁለቱም የአንድ ጨዋታ ሕግ ናቸው።

ከደሴ ለመምህርነት ቆቦ ስመደብ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጌታቸው ሂሳብ ያስተምራል፤ የሮቢት ከተማ ልጅ የሆነው ሰይድ ደግሞ ስፖርት። እሑድ ከሰዓት፣ ሙቀቱ ሰው ከቤት በማያስወጣበት ሰዓት፣ በተከራየነው ግቢ ከዛፉ ጥላ ሥር ጥንቅሽ እየላጥን እንጫወታለን። ጨዋታውን ለጌታቸው ያሳየው ኮሌጅ ሳለ አንድ የውጭ አገር መምህር ነው። ሰሌዳ የለውም። ጌታቸው መንገዱንና የሚገጥመንን ይተርካል፤ እኛ ሌላ ሰው ሆነን የምናደርገውን እንናገራለን። እኔ ዘርፌ የምትባል ነጋዴ ነበርኩ፤ ሰይድ ግመል ነጂ። ጨው ልናመጣ ወደ አፋር እንወርዳለን።

የስሱ ደብተር ሕግ ቀላል ነው። የምታደርገውን ተናገር፤ ዳይስ ጣል፤ አራትና ከዚያ በላይ ከወጣ ሆነልህ። የቀረው ክርክር ነው፤ በክርክር ደግሞ ሰይድን የሚችለው የለም። ለዚህ ይመስለኛል ጌታቸው ከክረምቱ እረፍት ወፍራሙን ጽፎ የመጣው። ለጥም ሕግ፣ ለጭነት ሕግ፣ ለጎርፍ ብቻ አራት ገጽ።

«አንተ፣ ይኼ ጨዋታ ነው ወይስ የማትሪክ ፈተና?» አለ ሰይድ ደብተሩን በእጁ እየመዘነ።

«ሕጉ ከተጻፈ ማንም አያኮርፍም» አለ ጌታቸው።

በሁለተኛው እሑድ የሰይድ ግመል ነጂ በጥም ሞተ። በስሱ ቢሆን ተከራክሮ ይድን ነበር። ጌታቸው ግን ከወፍራሙ የጥሙን ሕግ ሠንጠረዥ አሳየው። ሰይድ ጥንቅሹን አስቀመጠ። «ወላሂ፣ ሕግ ከሆነ ሕግ ነው» አለ። ድምፁ የተጫዋች ድምፅ አልነበረም።

በሳምንቱ የእኔ ተራ ደረሰ። የዝውውር ማመልከቻዬ ተጽፎ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ቆቦን መልመድ አቅቶኝ ነበር። «ዘርፌ ከሞተች ደሴ እመለሳለሁ» ብዬው ነበር ለጌታቸው፤ እየሳቅኩ፣ ግን እውነቴን።

በጨዋታው የጎሊና ወንዝ ደርቋል፤ አሸዋው መሃል ስደርስ ደጋ ላይ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ ወረደ። ዳይሱን ጣልኩ። አንድ። በሕጉ ሞት ነው።

ጌታቸው ወፍራሙን ደብተር ገለጠ። ብዙ ገለጠ። ከዚያ አንገቱን ሳያነሣ አነበበ፤ «ውሃ የወሰደው ሰው፣ ዳር ቆሞ የሚጠብቀው ካለ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ይጥላል።»

«እኔ ሞቻለሁ፤ ማን ነው የሚጠብቃት?» አለ ሰይድ።

«አንድ ሰው አለ» አለ ጌታቸው።

ጣልኩ። አምስት። ሰይድ ደብተሩን በጌታቸው ትከሻ ላይ አሻግሮ አየና ዝም አለ። ማመልከቻውን አላስገባሁም።

ሰሞኑን የጎርፉን አራት ገጽ አነበብኩ። ከዚያ ደብተሩን ሙሉውን፣ ሁለት ጊዜ። ያ ሕግ የለም።

ሰይድ ሊጠይቀኝ ከሮቢት ሲመጣ፣ «አላህ ያጽናሽ» ብሎ ሳይጨርስ ደብተሩን ሰጠሁት። «አንተን በሕግ ገድሎ እኔን ያለ ሕግ አዳነኝ» አልኩት።

«ያኔውኑ አውቄያለሁ» አለ። «ያነበበው ገጽ ባዶ ነበር።»

«ታዲያ አንተ ዝም ትላለህ?»

«በዕድሜዬ ሳልከራከር የቀረሁት ያን ቀን ብቻ ነው።»

ልጄ ከሁለቱ ደብተሮች የትኛው እንደሚሻል ጠየቀችኝ። ለመሳቅ ስሱ ይሻላል። ወፍራሙ ግን ሰው የሚሞትበትን መንገድ ሁሉ ያሰበ ሰው ሥራ ነው፤ በጣም ይፈራ እንደነበር አሁን ይገባኛል። በመጨረሻው ገጹ ያን ያነበበልኝን ሕግ በእጄ ጻፍኩበት። ጌታቸው ሲታመም እኔም ዳር ቆሜ ጠብቄው ነበር፤ ደግሞ መጣል ግን አልተፈቀደለትም። ቢሆንም ጻፍኩት።