የስለቱ ረድፍ

ቫያ የስለቱን ረድፍ ማትረፍ ስትችል ለምን እንቢ አለች? የእህቷ ልጅ ዚሲስ ይህን ያልጠየቀው ሰው የለም፤ ከእሷ በቀር።

ቫያ የአክሲዮስ ወንዝ ከባሕር ጋር በሚገናኝበት ዳርቻ ተወልዳ፣ እዚያው አግብታ፣ ባሏንም እዚያው የቀበረች ሴት ናት። ኑሮዋ ሚዲ ማርባት ነበር፤ ባሕር ውስጥ ከተተከሉ ግንዶች ላይ በተንጠለጠለ ገመድ የሚያድገውን፣ ጥቁር ዛጎል ለባሹን የባሕር ፍጥረት። ደም ስለሌለው በጾምም ይበላል። ልጅ አልወለደችም። ዚሲስን እናቱ ስትሞትበት ወስዳ ጀልባ ላይ አሳደገችው። ከዛጎል ጋር ሲታገሉ የኖሩት እጆቿ የተሰነጣጠቁ ስለነበሩ፣ ሎሚ በጨመቀች ቁጥር ሎሚውን ትሳደብ ነበር።

ባሏ በአንድ የብርድ ወቅት ጀልባው ተገልብጦ ከሞት ሲተርፍ፣ አንድ ረድፍ የሚዲ ገመድ ለእመቤታችን ተሳለ። ያ ረድፍ እስከ ፍልሰታ በዓል ዋዜማ አይነካም፤ ለቅምሻ እንኳ አንዲት ፍሬ ከእሱ አትነሣም። በዋዜማው የደረሰው ፍሬ ይነሣና በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በትልቅ ድስት ከሩዝ ጋር ይበስላል፤ የመጣ ሁሉ ይበላል። ባሏ ከሞተ በኋላም ቫያ ስለቱን አላጓደለችም።

አምና የባሕሩ ሙቀት የእሷንም የጎረቤቶቿንም ሌላ ረድፍ በሙሉ ፈጀው። የስለቱ ረድፍ ብቻ፣ ወደ ጥልቁ ባሕር በኩል ዳር ላይ ስለነበር፣ ተረፈ። የሚመጣው ዓመት ዘርም እዚያው ገመድ ላይ ከሚቀረው ትንንሽ ነው የሚገኘው። እሱ ካለቀ የሚዘራ የለም።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ነፋሱ ጠፋ። ቫርዳሪስ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ወርዶ ባሕሩን ካላመሰው፣ ውኃው ምድጃ ላይ እንደተረሳ ሾርባ ይሆናል። ወንዙንም ገና ከላይ የሩዝ እርሻዎቹ ይጠጡታል፤ ተርፎ ባሕር የሚደርሰው ማዳበሪያ ያጠበ አረንጓዴ ዝቃጭ ነው። ዚሲስ ክንዱን እስከ ክርኑ ውኃ ውስጥ ነከረ። ቅዝቃዜ የሚባል ነገር የለም።

«አክስቴ፣ ዛሬውኑ እናንሣው። ከመብራት ማማው ማዶ ጥልቅ ነው፣ ውኃውም ቀዝቃዛ ነው። እዚያ ወስደን እንስቀለው።»

«ስለት አይነካም።»

«ታዲያ እመቤታችን የበሰበሰ ነው የምትቀበለው?»

ጎረቤታቸው ስቴርዮስ ከራሱ ጀልባ ላይ ሆኖ ሳቀ። «ተዋት አንተ! እትዬ ቫያ ዘንድሮ ማገዶ አትገዛም። ባሕሩ ራሱ ቀቅሎ ያስረክባታል!»

«አንተ ደግሞ አፍህን ዝጋ! ያንተው ሚዲ እንደሆነ አምና ባሕሩ ሳይሞቅ ፊትህን አይቶ ነው የሞተው» አለችው።

ዚሲስ አልሳቀም። «ይሄ ካለቀ እዚህ ምን ልሠራ ነው? ጀርመን ሄጄ ሰሃን ልጠብ?»

ቫያ ገመድ እየቋጠረች ነበር። ቀና አላለችም።

«ሰሃን አይሞትብህም» አለች።

በዋዜማው ጠዋት ሊያነሡት ወጡ። ገመዱ ከውኃ ሳይወጣ ሽታው ቀድሞ ወጣ። ዛጎሉ ሁሉ አፉን ከፍቷል፤ ውስጡ የነበረው ሥጋ ግራጫ ንፍጥ ሆኖ ይንጠባጠባል። ቫያ ሁለተኛውን ገመድ ሳበች፤ ሦስተኛውን ሳበች። ባዶ ዛጎል እርስ በርሱ እየተጋጨ ይንቋቋል። አላለቀሰችም። እስከ መጨረሻው ገመድ ድረስ አንድ ባንድ እያነሣች አየች፤ ከዚያ ቢላዋዋን ጠርጋ ወደ ሰገባው መለሰችው።

ዚሲስ ጀልባውን ሲያጥብ ከመቀመጫው ሥር አንዲት ደረቅ ዛጎል አገኘ። ሰኔ ላይ ሁለቱ ሆነው በቀቡት አዲስ ቀለም ላይ ተቀምጣለች። ከንፈሯ በቢላ ተፈልቅቋል። የሞተ ሚዲ ራሱ ይከፈታል፤ ቢላ የሚፈልገው በሕይወት ያለው ነው። ባሕሩ ውስጥ ደግሞ ከስለቱ ረድፍ ሌላ ረድፍ አልነበረም።

ነክታዋለች ማለት ነው። ስለቱን ራሷ አፍርሳ፣ በሕይወት እንዳለ በዓይኗ አይታ፣ ትታዋለች።

ዛጎሏን ይዞ ቤት ገባ። ቫያ ሩዝ እየለቀመች ነበር። እጁን አየች፣ ፊቱን አየች፣ ዛጎሏን ተቀብላ በሽርጧ ኪስ ከተተቻት።

«ና፣ ሩዙን እጠብ» አለችው።

ማታ ግቢው ውስጥ ድስቱ ተጣደ፤ ሩዝ፣ ሽንኩርትና እንስላል ብቻ። ሰው ሰሃኑን ይዞ እየመጣ ተቀበለ፤ ወንዙን የጠጣውን ሩዝ በላ። ስቴርዮስ «እትዬ ቫያ፣ ዘንድሮ ሚዲው ከሩዙ ጋር ተመሳሰለብኝ» አለ። ማንም አልሳቀም። እሱም ሰሃኑን አስቀምጦ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

ነፋሱ ከጠፋ ጀምሮ ቫያ ጎኗን አላሳረፈችም፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ባሕሩን ትጠብቅ ነበር። በበዓሉ ጠዋት ከቅዳሴ ስትመለስ ግን ወደ ባሕሩ አልዞረችም። የባሏን ሻንጣ ከቁም ሳጥን አወረደች፤ የዚሲስን ሸሚዞች ተኩሳ አጥፋ ከተተችበት። ካልሲዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጋ ጠቀለለች። «ጀርመን ብርድ ነው» አለች። ሲያያት ቆመ፤ ጥያቄው ምላሱ ላይ ነበር።

ድንገት መስኮቱ ተላተመ። ቫርዳሪስ መጣ።

ቫያ ሻንጣውን ዘጋች፤ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ጋደም አለች። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።